የፖኬሞን የሙከራ ካርዶች፦ ፊርማውን እንመን ወይስ ወረቀቱን?

የካርድ ሳጥን (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለመድረኩ አባላት በሙሉ። በዚህ ክር ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የፖኬሞን ካርድ በጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሽያጭ የቀረበው በኦክቶበር 1996 ነው። አሳታሚው ሚዲያ ፋክተሪ ሲሆን፣ ጨዋታውን የቀመሩት ግን የክሪቸርስ ኩባንያ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለ የካርድ ጨዋታ ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ፈጣሪዎቹ በቢሮ ፕሪንተር አትመው፣ በእጅ ቆርጠው፣ እየተጫወቱበት ጉድለቱን ያርማሉ፤ ቁጥሩን ይለውጡና እንደገና ያትማሉ። እነዚህ ካርዶች ለሽያጭ የታሰቡ ስላልነበሩ አብዛኞቹ ሥራቸውን ሲጨርሱ ተጥለዋል። ጨዋታው ገና በመፈጠር ላይ ሳለ ከፈጣሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ወረቀት መያዝ፣ እንደኔ ላለ ሰብሳቢ ከማንኛውም የሚያብረቀርቅ ካርድ ይበልጣል።

በ2024 የእነዚህ የሙከራ ካርዶች ቁጥር በገበያው ላይ በድንገት ጨመረ። ሲጂሲ የተባለው የአሜሪካ የካርድ መርማሪ ድርጅት እውነተኛነታቸውን አረጋግጦ በፕላስቲክ መያዣ አሽጎ ያወጣቸው ሲሆን፣ ከፊሎቹ ላይ ከጨዋታው ቀደምት ፈጣሪዎች የአንዱ ፊርማ ሰፍሮባቸው ነበር። ገዢዎችም በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ከፈሉባቸው። በ2025 መጀመሪያ ላይ ግን ሰብሳቢዎች ካርዶቹን በከፍተኛ ጥራት ስካን አድርገው ሲመረምሩ፣ የቀለም ሌዘር ፕሪንተር በወረቀት ላይ የሚተወውን ለዓይን የማይታይ የቢጫ ነጥቦች ምልክት አገኙ፤ ምልክቱ ሲነበብም ከካርዶቹ ከፊሎቹ የታተሙት በ1996 አካባቢ ሳይሆን በ2024 መሆኑ ታወቀ።

አሁን አውሮፓ የሚኖር አንድ ሻጭ የታሸገና የተፈረመበት የሙከራ ካርድ አቅርቦልኛል። ዋጋው ለእኔ ከባድ ነው፤ ካርዱ እውነተኛ ከሆነ ግን በጣም እፈልገዋለሁ። ገንዘቡን ከመላኬ በፊት ምን ልጠይቀው? ሲጂሲ በመያዣው ላይ የለጠፈውን መለያና ፊርማውን ማመን ይበቃል ወይስ ወረቀቱን ራሱን ማስመርመር አለብኝ? የምታውቁ ብታካፍሉኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።

የማተሚያ ቤት ሰው

ወንድሜ፣ ከመክፈልዎ በፊት መጠየቅዎ መልካም ነው። እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በኦፍሴት ማተሚያ ላይ ስለሆነ ከወረቀቱ በኩል ልመልስልዎ።

ለገበያ የወጣ ካርድ የሚታተመው በኦፍሴት ነው። ምስሉ በሲያን፣ በማጀንታ፣ በቢጫና በጥቁር ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ፕሌት (የማተሚያ ሰሌዳ) ይወጣለታል፤ የየፕሌቱ ነጥቦች በተለያየ ማዕዘን ስለሚያርፉ በአጉሊ መነጽር ሲታዩ ትንንሽ አበባ የሚመስል ቅርጽ ይሠራሉ። ጥቁሩ ጽሑፍ ግን በነጥብ ሳይሆን በድፍን ቀለም ስለሚታተም ጠርዙ የጠራ ነው። ሐሰተኛ ካርድ ብዙውን ጊዜ የሚያዘው እዚህ ላይ ነው፤ ከታተመ ካርድ ላይ በስካን የተገለበጠ ከሆነ ጥቁሩ ጽሑፍ ራሱ ነጥብ ነጥብ ሆኖ ይወጣል።

በሙከራ ካርድ ላይ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም። እውነተኛውም በቢሮ ፕሪንተር ወይም በቀለም ፎቶኮፒ የወጣ ነው፤ ዘግይቶ የታተመውም እንዲሁ። በሁለቱም ላይ ቶነሩ (የማሽኑ የዱቄት ቀለም) በወረቀቱ ገጽ ላይ ተጣብቆ፣ በፊደሎቹ ዙሪያም ጥቂት ብናኝ ተበትኖ ይታያል። በእጅ የተቆረጠ ጠርዝም ዕድሜ አይናገርም። ስለዚህ ካርዱ እንዴት እንደተሠራ ሳይሆን መቼ እንደተሠራ የሚመሰክር ነገር ያስፈልገናል፤ ቢጫ ነጥቦቹ ይህን ያህል ክብደት ያገኙትም ቀኑን ራሱን ስለያዙ ነው።

የቀለም ፎቶኮፒ ማሽን በተስፋፋ ጊዜ የገንዘብ ኖት ይባዛል የሚል ስጋት ስለነበረ፣ ዜሮክስን የመሳሰሉ አምራቾች ማሽኖቻቸው በእያንዳንዱ ገጽ ላይ የተሰወረ ምልክት እንዲተዉ አደረጉ። ሕዝቡ ነገሩን በስፋት የሰማው በ2004 ሲሆን፣ በ2005 ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት የዜሮክስ ዶኩከለር ማሽኖችን ምልክት ፈትቶ ይፋ አደረገ። ምልክቱ 15 ዓምድና 8 ረድፍ ያለው ሰንጠረዥ ነው። ከዓምዶቹ አንዱ ደቂቃውን፣ ሌላው ሰዓቱን፣ ሌሎቹ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ይይዛሉ፤ የማሽኑ መለያ ቁጥርም እዚያው አለ። የመጀመሪያው ዓምድና የመጀመሪያው ረድፍ ንባቡ ትክክል መሆኑን ለመቆጣጠር የተቀመጡ ናቸው። እያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ነው፤ ሰንጠረዡ ግን በገጹ ላይ ተደጋግሞ ስለሚታተም ገጹ ወደ ካርድ መጠን ቢቆረጥም ከምልክቱ የሚነበብ ክፍል ሊተርፍ ይችላል። በ2017 ከአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ ሾልኮ በወጣ ሰነድ ላይም ባለሙያዎች ሜይ 9 ቀን 2017 የሚል የኅትመት ቀን ያነበቡት በዚሁ መንገድ ነበር።

ቢጫ በነጭ ወረቀት ላይ በዓይን አይለይም። ሰማያዊ ብርሃን ሲያርፍበት ግን ብርሃኑን ስለሚውጥ ጠቁሮ ይታያል። በኮምፒውተር ከሆነም ስካኑን ከፍተው የሰማያዊውን ቻናል ብቻ ይለዩና ንፅፅሩን ከፍ ያድርጉት። የሚፈልጉት ነጭ ወይም ፈዛዛ ቦታ ላይ ነው፤ ቀለም በተሞላበት ስፍራ ነጥቡ ይጠፋል።

አንድ ነገር ግን በብርቱ ላሳስብዎ። ነጥብ አለመገኘቱ ካርዱን እውነተኛ አያደርገውም። የጥቁርና ነጭ ሌዘር ፕሪንተር ቢጫ ቶነር የለውም፤ ፈሳሽ ቀለም የሚረጨው ኢንክጄትም እንዲህ ያለውን ምልክት በአብዛኛው አይተውም፤ የቀለም ሌዘር ማሽኖችም ሁሉ አንድ ዓይነት ምልክት አይጠቀሙም። ስለዚህ 2024 የሚል ቀን ቢያነቡ ጉዳዩ ያልቃል፤ ምንም ባያነቡ ግን ምርመራው ገና መጀመሩ ነው።

የጨዋታው ወዳጅ

ለማተሚያ ቤቱ ሰው አክብሮቴ ይድረሳቸው፤ ስለ ነጥቦቹ ይህን ያህል ጥርት ያለ ማብራሪያ በአማርኛ ሳነብ የመጀመሪያዬ ነው። ሆኖም ውይይቱ ወዲያው «እውነተኛ» እና «ሐሰተኛ» ወደሚል ክፍፍል መሄዱ አላስደሰተኝም።

አንድ ፈጣሪ የ1996ቱን ፋይል በኮምፒውተሩ አስቀምጦ ቆይቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ቢያትመውና ቢፈርምበት፣ በካርዱ ላይ ያለው ሥዕል፣ የጥቃቱ ቁጥር፣ የደንቡ አጻጻፍ ሁሉ ያው የጥንቱ ነው። ጨዋታው በመጨረሻ ከወጣበት መልክ በፊት ምን ይመስል እንደነበረ ለማጥናት ይህ ካርድ ያገለግላል። እኔ በበኩሌ ከወረቀቱ ይልቅ የምወደው በወረቀቱ ላይ ያለውን ሐሳብ ነው። የፈጣሪው የእጅ ፊርማም የትም ቢያርፍ የእሱው ፊርማ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ካርድ ጠቅልሎ ሐሰተኛ ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ሌላው፣ ቀኑ ከነጥቦቹ ይነበባል እንጂ ያተመው ሰው ማንነት አይነበብም። ስለዚህ በዚህ ክር ውስጥ የማንም ስም ከጥፋት ጋር ተያይዞ እንዳይነሳ እለምናለሁ።

ጠገራ ብር

በመጨረሻው ቃል ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ ስም ማጥፋት አያስፈልግም። በቀረው ላይ ግን የሳንቲም ሰብሳቢዎች ከረጅም ጊዜ በፊት የደረሱበትን ነገር ላንሳ።

አያቶቻችን ይገበያዩበት የነበረው ጠገራ ብር ሁሉ 1780 የሚል ዓመት አለበት። ይህ እቴጌ ማርያ ቴሬዛ ያረፈችበት ዓመት ነው፤ ነጋዴዎች ሌላ ዓመት የተጻፈበትን ስለማይቀበሉ ከዚያ በኋላ ለመቶ ሃምሳ ዓመትና ከዚያም በላይ በዚያው ዓመት ሲመታ ኖሯል። ጣሊያን በ1935 ቅርጹን ከኦስትሪያ ወስዳ ለኢትዮጵያ ወረራዋ በሮም ስታስመታ፣ ቀጥሎም እንግሊዝ በለንደን ስታስመታ፣ በብሩ ላይ የተጻፈው ዓመት አልተለወጠም። በሮም የተመታው ብር የብር ይዘቱ ያው ነው፤ ገበያም ሲገዛ ኖሯል፤ ሐሰተኛ ነው የሚል የለም። ይሁን እንጂ አንድ ሻጭ የ1935ቱን «በእቴጌይቱ ዘመን የተመታ ነው» ብሎ በዚያ ዋጋ ቢሸጥልኝ፣ ሳንቲሙ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ተታልያለሁ። ዐዋቂዎች በንስሩ የጭራ ላባዎችና በእቴጌይቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች እየመረመሩ የተመታበትን ቦታና ዘመን የሚለዩት በከንቱ አይደለም።

የሙከራ ካርድም ነገሩ ይኸው ነው። «የጨዋታው ወዳጅ» እንዳሉት ሐሳቡን ለማጥናት ከሆነ ጥሩ ስካን ይበቃል፤ ለስካን ደግሞ ማንም በሺህ የሚቆጠር ዶላር አይከፍልም። ገንዘቡ የሚከፈለው ወረቀቱ ጨዋታው ሲወለድ በስፍራው ስለነበረ ብቻ ነው። ያ ከሌለ የቀረው በፈጣሪ የተፈረመ አዲስ ኅትመት ነው፤ እሱም የራሱ ተገቢ ዋጋ አለው፤ ግን የሌላውን ስም ይዞ መሸጥ የለበትም።

የቤዝቦል ወዳጅ

ወደ ጥያቄው የመጀመሪያ ክፍል ልመለስ፤ መለያውን ማመን ይበቃል ወይ የሚለው።

በቤዝቦል ካርድ ዓለም ከሁሉ የታወቀው ከ1909 እስከ 1911 ከሲጋራ ፓኬት ጋር ይወጣ ከነበረው ስብስብ ውስጥ ያለው የሆነስ ዋግነር ካርድ ነው። ከነዚህም አንዱ እጅግ ንጹሕ ጠርዝ ያለው ሲሆን፣ በ1991 የሆኪ ተጫዋቹ ዌይን ግሬትስኪና ሸሪኩ በ451,000 ዶላር ገዙት፤ ፒኤስኤ የተባለው መርማሪ ድርጅት ከ10 ደረጃ 8 ሰጥቶ አሸገው፤ በ2007 ደግሞ በ2.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። በ2013 የጨረታ ነጋዴው ቢል ማስትሮ በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት በማጭበርበር ክስ ጥፋቱን ሲያምን፣ ያንን ካርድ ጠርዙን እንደቆረጠውም አመነ። ካርዱ ያኔ በዓለም የታወቀ፣ በስንት ዐዋቂ ዓይን የታየ ነበር። ለሃያ ዓመት ያህል በላዩ ላይ የነበረው ቁጥር 8 ግን እንደ ዋስትና ሲታይ ኖሯል።

መርማሪ ድርጅቶች ጥቅም የላቸውም አልልም፤ ተራ ሐሰተኛ ካርዶችን በብዛት ይይዛሉ። ነገር ግን ከመቶ ሺዎች ጋር ተነጻጽሮ የሚመረመር ካርድ ሌላ፣ ማነጻጸሪያው ጥቂት የሆነ የሙከራ ካርድ ሌላ ነው። ማነጻጸሪያው ሁሉ ከአንድ ምንጭ የመጣ ከሆነ ደግሞ ምንጩ ሲበላሽ ማነጻጸሪያውም አብሮ ይበላሻል።

አንድ ሐሳብ ልጨምር፤ እኛ አሮጌ የሲጋራ ካርዶችን በአልትራቫዮሌት መብራት እንመረምራለን። ወረቀቱ ደምቆ ካበራ አዲስ ነው ማለት ነው። ለፖኬሞኑም ይህን ቢሞክሩት?

የማተሚያ ቤት ሰው

የአልትራቫዮሌቱ መብራት ለዋግነር ዘመን ካርዶች በእርግጥ ይረዳል። ወረቀትን ነጭ አስመስሎ የሚያበራው ኬሚካል በወረቀት ፋብሪካዎች የተለመደው ከሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ስለሆነ፣ በ1910 በታተመ ካርድ ላይ ሊገኝ አይችልም። በ1996 ግን የቢሮ ወረቀት ሁሉ ማለት ይቻላል ይህ ኬሚካል ነበረበት፤ የ1996ቱም የ2024ቱም ወረቀት ያበራል። ስለዚህ ለእርስዎ ጉዳይ በዚህ መብራት ቀን መለየት አይቻልም። የሚጠቅመው ሻጩ «እነዚህ ሁለት ካርዶች ከአንድ ገጽ የተቆረጡ ናቸው» ካለ ነው፤ የሁለቱ አበራር የተለያየ ከሆነ ወረቀታቸው አንድ አይደለም።

ማጂክ ተጫዋች

እስካሁን ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም እየተጠሩ ስለሆነ ልለያቸው። አንደኛው ፈጣሪዎቹ እየተጫወቱ ደንቡን ለማረም በቢሮ ያተሙት ነው። ሁለተኛው ማተሚያ ቤት ቀለሙን፣ ወረቀቱን ወይም የሚያብረቀርቀውን ፎይል ለመሞከር በእውነተኛ ማሽን ያተመው ነው። በእኔ እምነት ለገዢ ሁለተኛው እጅግ ይሻላል፤ ምክንያቱን በምሳሌ ላሳይ።

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የተባለው የካርድ ጨዋታ በኦገስት 1993 ሲወጣ የመጀመሪያዎቹ ካርዶች የታተሙት ቤልጂየም፣ ተርንሃውት በሚገኘው የካርታ ሙንዲ ማተሚያ ቤት ነው። የጨዋታው ፈጣሪ ሪቻርድ ጋርፊልድና ጓደኞቹ ከዚያ በፊት ይጫወቱባቸው የነበሩት የሙከራ ካርዶች ፎቶኮፒ ተደርገው በእጅ የተቆረጡ ነበሩ፤ እነዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ናቸው። በ1994 የወጣው ሪቫይዝድ የተባለው ዕትም ቀለሙ የፈዘዘ፣ ሴሬንዲብ ኤፍሪት በተባለው ካርድም ላይ የሌላ ካርድ ሥዕልና አረንጓዴ ፍሬም የገባበት ሆነ። ይህን ለማረም በዚያው ዓመት በፈረንጆቹ በጋ (ሰመር) ላይ አዲስ ኅትመት ተዘጋጀ፤ ሰብሳቢዎች ሰመር ማጂክ ይሉታል፤ ኤድጋር የሚል መጠሪያም አለው። ቀለሙ ደግሞ በጣም ጠቆረ፤ አረንጓዴ መሆን የነበረበት ሀሪኬን የተባለው ካርድም በሰማያዊ ፍሬም ታተመ። ኅትመቱ እንዲወገድ ተወሰነ፤ ጥቂት ሳጥኖች ግን አምልጠው ወደ ገበያ ወጡ። ሰማያዊው ሀሪኬን ዛሬ ከማጂክ ካርዶች ሁሉ በጣም ከሚፈለጉት አንዱ ነው።

ይህን ካርድ አስመስሎ ለመሥራት የሚፈልግ ሰው ኦፍሴት ማሽን፣ ፕሌትና ያንኑ ዓይነት የካርድ ወረቀት ያስፈልገዋል። ቀለሙ፣ ነጥቦቹና በመካከሉ ያለው ሽፋን በዚያው ዓመት ከታተሙ ሌሎች ካርዶች ጋር ይነጻጸራሉ። በቢሮ ፕሪንተር የወጣ ካርድ ግን ፋይሉና ፕሪንተሩ ላለው ሰው ሁሉ በር ክፍት ነው።

ከፖኬሞንም ቢሆን የዚህ ዓይነት አለ። የማጂክ አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ጨዋታውን በእንግሊዝኛ ለማሳተም ሲዘጋጅ፣ ካርዱ ምን እንደሚመስል ለኒንቴንዶ ኃላፊዎች ለማሳየት በ1998 ብላስቶይዝ የተባለውን ፖኬሞን ካርድ በካርታ ሙንዲ አሳተመ። የእንግሊዝኛው ዕትም ለሽያጭ የወጣው በጃንዋሪ 1999 ስለሆነ ይህ ካርድ ይቀድመዋል። ከዚያ አንዱ፣ ጀርባው ባዶ የሆነው፣ በጃንዋሪ 2021 ሄሪቴጅ ኦክሽንስ በተባለው ጨረታ ቤት በ360,000 ዶላር ተሸጧል። ገዢው የከፈለው ለመለያው ሳይሆን ካርዱን ማን እንዳዘዘ፣ ማን እንዳተመና ለምን እንደታተመ የሚናገር ታሪክ ስላለው ነው።

የልጆች እናት

ይቅርታ፣ ጥያቄዬ ከእናንተ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ልጄ ከኢንተርኔት «የሙከራ ኅትመት» ተብሎ የሚሸጥ፣ ጀርባው ነጭ የሆነ ቻሪዛርድ የተባለውን ፖኬሞን የያዘ ካርድ በ15 ዶላር ሊገዛ ነው። ሻጩ ብዙ አለኝ ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ሊኖር ይችላል?

ማጂክ ተጫዋች

እህቴ፣ ጥያቄዎ ከማንኛችንም አያንስም። ሻጩ «ብዙ አለኝ» ማለቱ ብቻውን መልስ ነው፤ የሙከራ ኅትመት በብዛት አይገኝም። ጀርባውን ባዶ መተው ለአስመሳይ ከሁሉ የቀለለው ሥራ ነው፤ የካርዱን ጀርባ ሰማያዊ ቀለም አመሳስሎ ማተም ከባድ ስለሆነ ይተወዋል፤ ከዚያም ጉድለቱን «የሙከራ ኅትመት» ብሎ ይሰይመዋል። ልጅዎ ለመጫወቻ ከፈለገው በዚያው ዋጋ በሱቅ የሚሸጡ እውነተኛ ፓኬቶች ያገኛል።

የካርድ ሳጥን

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ በተለይም የማተሚያ ቤቱን ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በመካከሉ ለሻጩ ጽፌለት ነበር። የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላከልኝ፤ የሰማያዊውን ቻናል ለይቼ አየሁት፤ የተደበላለቀ ጭጋግ እንጂ ምንም ነጥብ አይታይም። ይህን ስነግረው «እንግዲያው ንጹሕ ነው» አለኝ። ደግሞም ነጥብ ቢገኝ እንኳ የፕሪንተሩ ሰዓት የተሳሳተ ሊሆን ስለሚችል ማስረጃ አይሆንም የሚል ክርክር አቅርቧል። በሁለቱ ላይ ምን ትላላችሁ?

የማተሚያ ቤት ሰው

ስለ ፎቶው፦ ቴሌግራም ፎቶን ሲልክ ጨምቆ ጄፔግ ያደርገዋል። ጄፔግ ደግሞ የብርሃንን ልዩነት በጥንቃቄ፣ የቀለምን ልዩነት ግን በግርድፉ ነው የሚያስቀምጠው፤ የሰው ዓይን ለቀለም ብዙም ስለማይጠነቀቅ እዚያ ላይ ቦታ ይቆጥባል። ቢጫ ነጥብ በነጭ ወረቀት ላይ በብርሃን ከወረቀቱ የማይለይ፣ በቀለም ብቻ የሚለይ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠፋው እሱ ነው። ያዩት ጭጋግ ይኸው ነው፤ ንጹሕነትን አያሳይም። በስልክ የተነሣ ፎቶም ከመጀመሪያው ተጨምቆ የተቀመጠ ስለሆነ አይረባም። የሚያስፈልግዎ በጠፍጣፋ ስካነር የተነሣ፣ ምስሉን ሳያጎድል በሚያስቀምጥ የፋይል ዓይነት፣ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ የተቀመጠ፣ በቴሌግራምም ከላኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል የተላከ ስካን ነው።

ስለ ሰዓቱ፦ የፕሪንተር ሰዓት ሊሳሳት እንደሚችል እውነት ነው። ነገር ግን ባትሪው ሲሞት ወይም ማሽኑ እንደ አዲስ ሲነሣ ሰዓቱ ወደ ፋብሪካው መነሻ ቀን፣ ማለትም ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። በ1996 የነበረ ማሽን ሃያ ስምንት ዓመት ወደ ፊት ዘሎ፣ ካርዶቹ ለገበያ በቀረቡበት ዓመት ላይ፣ ያውም በብዙ ካርዶች ላይ ሊያርፍ የሚችልበት ምክንያት አይታየኝም። ከዚህም ሌላ የመለያ ቁጥሩ አለ። የማሽኑ ሞዴል የተሠራው ከ1996 በኋላ መሆኑ ከታወቀ፣ ሰዓቱ ምንም ቢል በ1996 ሊያትም አይችልም።

በነገራችን ላይ ፕላስቲኩን መስበር አያስፈልግም። መያዣው ካርዱን ከስካነሩ መስታወት ስለሚያርቀው ምስሉ በአንዳንድ ስካነር ሊደበዝዝ ይችላል፤ ሲአይኤስ የሚባለው ስስ ዓይነት ስካነር በተለይ ጥልቀት ስለሌለው አይሆንም። ሲሲዲ ያለው ወፍራሙ ስካነር ግን በመያዣው ውስጥ እንዳለ በደንብ ያነሣዋል።

የጨዋታው ወዳጅ

የጠገራውን ብር ነገር ሳስብበት ሰነበትኩ። አሁንም ቢሆን «ሐሰተኛ» የሚለው ቃል ለሁሉም ይገባል ብዬ አላምንም፤ ነገር ግን መርማሪ ድርጅቶች በመለያው ላይ ሁለቱን ነገሮች፣ ማለትም የካርዱ ንድፍ የተሠራበትን ዘመንና ወረቀቱ የታተመበትን ዘመን፣ ለየብቻ ቢጽፉ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ሁለተኛውን ማረጋገጥ ካልቻሉም «የኅትመት ዘመኑ አልተረጋገጠም» ብሎ መጻፍ ነውር የለበትም። ዘግይቶ የታተመ ፊርማ ያለበት ካርድ በዚያ ስሙ ቢቀርብልኝ ደስ ብሎኝ እገዛዋለሁ።

ጠገራ ብር

በዚህ ላይ ልዩነት የለንም። እንደዚያ ተጽፎ ከቀረበ እኔም አልቃወምም። የምጨምረው አንድ ብቻ ነው፤ «የካርድ ሳጥን» ሻጩን ስለ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን ስለ እጁም ይጠይቁት። ካርዱን ከማን ገዛ? በየትኛው ዓመት? ከ2024 በፊት የተነሣ ፎቶ፣ ደረሰኝ ወይም የኢሜይል ልውውጥ አለው? አንድ ካርድ በ1990ዎቹ መጨረሻ ወይም በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሰው እጅ እንደነበረ የሚያሳይ አንድ አሮጌ ፎቶ ከብዙ ፊርማ ይበልጥብኛል፤ ፊርማ ዛሬም ሊፈረም ይችላል፤ በዚያ ዘመን የታተመ የመጽሔት ፎቶ ግን ዛሬ ሊፈጠር አይችልም።

የካርድ ሳጥን

እሺ፤ ያላችሁትን ሁሉ ይዤ ለሻጩ የምልከውን መልእክት አዘጋጅቻለሁ። ከመላኬ በፊት ብታርሙልኝ፦

«ጤና ይስጥልኝ። ካርዱን ለመግዛት ያለኝ ፍላጎት አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ከክፍያ በፊት የሚከተሉትን እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የካርዱን የፊት ገጽ ከመያዣው ሳይወጣ፣ ሲሲዲ ባለው ጠፍጣፋ ስካነር፣ በኢንች 600 ነጥብ፣ በቲፍ የተቀመጠ ስካን፤ እንዲሁም ካርዱን ከማንና በየትኛው ዓመት እንዳገኙት የሚያሳይ ማንኛውም ከ2024 በፊት ያለ ጽሑፍ ወይም ፎቶ። ስካኑ ከ1996 በኋላ የሆነ የኅትመት ቀን ካሳየ ግዢው እንደሚቀር፣ ምንም ምልክት ካልታየበት ደግሞ ስለ ካርዱ አመጣጥ በሚያቀርቡት ማስረጃ ላይ ተመሥርተን ስለ ዋጋው እንደምንነጋገር ከወዲሁ አሳውቃለሁ። ስካን ማድረግ ካልተመቸዎት በምትኖሩበት ከተማ በሚገኝ የስካን አገልግሎት መስጫ የሚያስወጣውን ወጪ እኔ እሸፍናለሁ።»

የማተሚያ ቤት ሰው

መልእክቱ ጥሩ ነው፤ ሁለት እርማት ብቻ። 600 የሚለውን 1200 ያድርጉት፤ በ600 አንዱ ነጥብ ሁለትና ሦስት ፒክስል ብቻ ስለሚሆን በፕላስቲኩ ውስጥ ሊምታታብዎ ይችላል። «የፊት ገጽ» ካሉት ላይ ደግሞ «የጀርባውንም» የሚል ይጨምሩበት፤ ጀርባው ባዶ ወይም ፈዛዛ ከሆነና እሱም በማሽኑ ውስጥ አልፎ ከታተመ፣ ነጥቦቹ ከፊቱ ይልቅ እዚያ ጠርተው የሚነበቡበት ጊዜ አለ። ስካኑ ሲመጣ እዚህ ይለጥፉት፤ ዓምዶቹን አብረን እናነባቸዋለን።